አንቺ

«… ኮሌታውን ዘረጋችና ካውያውን አነሳች። ልጆቿ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ይከፈት፣ ይዘጋ እያሉ ይጨቃጨቃሉ …»

«አሁንም ያንኑ ሸሚዝ ነው የምትተኩሰው?» ይላል አባቴ ዐይኑን ሳይገልጥ።

«ያንኑ ነው አባዬ።»

«ወይ ጉድ። ይሄ መጽሐፍ አንደኛ ማርሽ ላይ ተቀርቅሯል። ስጪኝ እስቲ እኔ ልንዳው።»

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአውቶብስ ሹፌር ነበር። እስቃለሁ። የምስቀው ግን በቀልዱ አይደለም፤ «ስጪኝ» ስላለኝ ነው።

የአባቴ ሐኪም ሰው እየረሳ እንደሚሄድ ነግራናለች። የረሳውን ሰው ደግሞ አንቱ ይላል፤ ጨዋ ነዋ። ባለፈው ወንድሜን «ይቀመጡ፤ የት ነው የሚወርዱት?» ቢለው፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ በረንዳ ወጥቶ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እኔን ግን እስከ ዛሬ አንቺ ይለኛል። ስሜን ከጠራ ቆይቷል። ግድ የለም፣ ብቻ አንቺ ይበለኝ። ይህን መጽሐፍ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው፤ ምንም ስለማይፈጠርበት ቢረሳውም አይጎዳም፣ ስለሚያናድደው ደግሞ ያናግረኛል።

ማንበቤን እቀጥላለሁ። ሴትዮዋ እጅጌውን ትገለብጣለች። ባሏ ሲመጣ በሩን እንዴት እንደሚያንኳኳ ታስባለች፤ ይቺን ለማሰብ አንድ ገጽ ሙሉ ይፈጅባታል። ጉሮሮዬ ይደርቅና ውሃ እጎነጫለሁ።

አባቴ ዐይኑን ገልጦ በደግ ፊት ያየኛል።

«ደከመዎት አይደል? ትንሽ ይረፉ እንጂ።»

እንዳልሰማ ሆኜ ቀጣዩን መስመር አነባለሁ። ፊደሉ ይደበላለቅብኛል። መልሼ ከላይ እጀምራለሁ፤ ምናልባት «አሁንም ያንኑ ሸሚዝ?» ቢለኝ ብዬ። አይለኝም።

«አባት አለዎት?» ይለኛል።

«አለኝ።»

«ታዲያ እዚህ ከኔ ጋር ምን ያደክምዎታል? እሳቸውም የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጉ ይሆናል። ይሂዱ እንጂ፤ ልጃቸውን ይጠብቃሉ።»

«እሺ» እላለሁ። መጽሐፉን አጥፌ ቦርሳዬን አነሳለሁ። እሱም ከትራሱ ቀና ብሎ፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው በሁለት እጁ ይጨብጠኛል።

«ደህና ይዋሉ» እለዋለሁ።

ወጥቼ በሩን ከኋላዬ እዘጋለሁ። ከዚያ የት እንደምሄድ ይጠፋኛል።