አልነሳ ያለችው

ባሌ ዕቃዎቿን አንድ በአንድ ገዝቶ በገዛ እጁ የገጣጠማት ኮምፒውተር አልነሳ ካለች ሳምንት አለፋት። ከሥራ ሲመለስ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ በቀጥታ ወደ እሷ ነው። ሜሞሪዋን ያወጣል፣ እፍ እፍ ይልበታል፣ መልሶ ይሰካል፣ ማብሪያዋን ይጫናል። ጭጭ።

«ተነሺ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ ምን አስቀየምኩሽ?» ይላታል።

ባለፈው ወር እኔ ትኩሳት ጥሎኝ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተኝ፣ ራት ምን እንዳለ ነበር የጠየቀኝ።

«ዛሬስ እንዴት ናት?» እለዋለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ።

መልሱ ሁሌም አንድ ነው። «እምቢ አለች።»

ቅዳሜ ጠዋት «ፓወር ሳፕላይዋ ነው ኃይል የነሳት» አለና ከሆዷ ፈቶ አወጣው። ከነገመዱ ጠቅልሎ ሊያስለውጥ ይዞት ወጣ። እሷ ጎኗ እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ቀረች።

አቧራ ልጠርግ ገባሁና ጨርቄን እንደያዝኩ ፊቷ ቆምኩ። በቆርቆሮና በሽቦ መቅናት ያሳፍራል። ቢሆንም ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም ስላልነበረ የሆዴን አወጣሁት።

«ስሚ፣ አንቺ! ባሌን ልቀቂልኝ!»

ውስጧ ያለው ማራገቢያ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ጎንበስ ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት አየሁ። ምንም አልተሰካበትም።

«እምቢ» አለች።