የሐሙሱ ደንበኛ

የአሮጌ ጌጣጌጥ ሱቁ ባለቤት የማይሻር ሕግ አላቸው። ለሴት የበዓል ስጦታ ሊገዛ የመጣ ሰው፣ ዕቃ ከማየቱ በፊት ስለ ሴትዮዋ ይናገራል። ዕድሜዋ ስንት ነው? የትኛውን ቀለም ትወዳለች? የምትሠራው በየትኛው እጇ ነው? የእጇ አንጓ ልክስ? ሽማግሌው መልሱን ካርድ ላይ ይጽፉና ከተመረጠው ጌጥ ጋር ወደ ጓዳ ይልኩታል። እዚያ ጌጥ አዳሿ ተቀምጣለች፤ ታጸዳለች፣ ታጠባለች፣ ታሰፋለች፣ ታሽጋለች። የደንበኛ ስም አይጻፍም፤ ስልክ ቁጥሩ ብቻ።

«ስም ከታወቀ ሐሜት ይከተላል» ይላሉ ባለሱቁ።

በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ ጠዋት፣ ጌጥ አዳሿ ጠረጴዛዋ ላይ በአንድ ክር የታሰሩ አራት ካርዶች አገኘች። ሐሙስ የእረፍት ቀኗ ስለሆነ ማን እንደመጣ አላየችም። የመጀመሪያው ካርድ «ዕድሜ፦ አሥራ ስድስት» ይላል፤ ከሱ ጋር ቀጭን የብር አምባር። ሁለተኛው ሃያ ሁለት፤ የዕንቁ ጉትቻ። ሦስተኛው ሠላሳ፤ ጀርባው ላይ ወፍ የተቀረጸበት የእጅ መስታወት። አራተኛው አርባ፤ አረንጓዴ ድንጋይ ያለው የአንገት ሐብል።

«ወይ ጉድ! ይሄስ ሰፈሩን ሙሉ ነው የያዘው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ስልክ ቁጥሩን አየችና ሳቋን አቆመች።

የታናሽ እህቷ ባል ቁጥር ነው።

እህቷ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ከአራቱ አንዷም እሷ አይደለችም።

ካርዶቹን ደጋግማ አነበበች። የሁሉም ቀለም አረንጓዴ፣ የሁሉም እጅ ግራ። አራት ግራኝ ሴት ከየት ለቃቅሞ አመጣ? የአንጓ ልክ በሚለው ቦታ ደግሞ አራቱም ላይ «አይታወቅም» ተብሏል። እጃቸውን እንኳ በቅጡ ሳያውቅ! አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ማለት ይሄ ነው አለች በሆዷ።

መቀመጥ አቃታት። ተነስታ ወደ ሱቁ ወጣች።

«ጋሼ፣ የሐሙሱ ሰውዬ እንዴት ያለ ነው?»

«ጨዋ ሰው ነው። አንዱን ጌጥ ለመምረጥ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ስለ አሥራ ስድስት ዓመቷ ሲያወራማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ የሚወድ ወንድ ድሮ ቀረ ብዬ ነበር።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ብሩ እንዳይጠቁር፣ እርጥበት እንዳይገባው አጥብቃችሁ አሽጉልኝ አለ። በሌላ ቀን እንዳትቀጥሩኝ፣ ሐሙስ ብቻ ነው የሚመቸኝ አለ። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም?»

«ምንም አልሆንኩም።»

ሐሙስ! እሷ የማትገባበትን ቀን መርጦ። ወደ ጓዳ ተመልሳ አምባሩን አነሳች፣ አስቀመጠችው። መወልወያውን ጣለች፣ አነሳች፣ መልሳ ጣለች። እህቷ ጋ ደወለችና ሳይነሳ ዘጋችው። ከጥቂት ወራት ወዲህ እህቷ ከስታ ቀሚሷ ላይዋ ላይ ተንጠልጥሏል። «ጨጓራዬ ነው» ትላለች ሲጠይቋት። ለካ ጨጓራ አይደለም፤ ብስጭት ነው። ባልየው ደግሞ የማስተማር ሥራውን በእረፍት ስም ትቶ ቤት ከዋለ ሁለት ወሩ ነው። ባለፈው ስትጠይቃቸው ኩሽና ውስጥ ሲንሾካሾኩ ደርሳ፣ ሲያዩዋት ጸጥ አሉ። ያኔ ገንዘብ ቸግሯቸው መስሏት ነበር።

ብትናገር የእህቷን ትዳር ታፈርሳለች። ዝም ብትል እህቷ ዓይኗ እያየ ታልቃለች። ሌላ እህት የላትም። ሽርጧን አውልቃ ካርዶቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ታክሲው ቀይ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር ወርዳ ልትሮጥ ምንም አልቀራትም።

በሩን የከፈተው ባልየው ነው፤ በአንድ እጁ የሾርባ ሳህን ይዟል።

«እታለም! ምነው በሥራ ሰዓት?»

ሰላም ሳትለው አለፈችው። እህቷ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ለብሳ፣ ሻሿን እስከ ጆሮዋ ጠምጥማ፤ ጠረጴዛው ላይ የመድኃኒት ጥቅል ተደርድሯል። የሰባት ዓመቷ ልጃቸው የቀለም እርሳሷን ከግራ እጇ ሳትለቅ አክስቷን አቀፈችና ወለሉ ላይ ወደ ዘረጋችው ሥዕሏ ተመለሰች።

«ልጅቷን ወደ ውስጥ አስገቢያት» አለች ጌጥ አዳሿ እህቷን።

«እዚሁ ትሁን» አለች እህቷ። «ከዓይኔ እንድትርቅ አልፈልግም።»

«እንግዲያውስ» አለችና ጌጥ አዳሿ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ካርዶቹን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረገፈቻቸው። «ባልሽን ጠይቂው። አራት ናቸው። አንዷማ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው!»

ባልየው ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ካርዱ ጓዳ እንደሚገባ አላወቅኩም» አለ፤ ይህን ያለው ግን ለሚስቱ ነው።

እህቷ ካርዶቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላ አነበበች። አርባ የሚለው ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች።

«ሐብሉን አገኘህላት? ደግ አደረግህ።»

«አንቺ! ታውቂያለሽ እንዴ? ልብሽ የት ነው ያለው?»

«ከዚያ ሱቅ ግዛ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም በእጅሽ እንዲያልፉ ብዬ። እንዳይነግርሽ ግን አስምዬዋለሁ። ይቺን የመጨረሻ በዓሌን እንኳ ሳንላቀስ እንድናሳልፋት ነበር የፈለግኩት።»

«ስለ ምን ታወሪያለሽ? የታሉ እነዚህ ሴቶች?» ጮኸች ጌጥ አዳሿ። «እስቲ አንዷን አሳዪኝ!»

እህቷ የመነመነ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ወደ ወለሉ ጠቆመች። «ስታድግ አራቱንም የምትሆነው ያቻትና፤ ቀለም እየቀባች።»