ባዶ ነው የተባለው ዋሻ

መሐንዲሱ ወገቡ ላይ የታሰረለትን ገመድ «ኮተት ነው» ብሎ ዋሻው ውስጥ ፈትቶ ጥሎት ወጣ።

«ከጥላሸትና ከሌሊት ወፍ ኩስ በቀር ምንም የለም። በል፣ ድፈነው!»

ግንበኛው ከድንጋይ ክምሩ አልተነሳም። በጦርነቱ ጊዜ መንደሩ በሙሉ እዚህ ዋሻ ተጠልሎ ነበር። አውሮፕላኖቹ ሲሄዱ ሁሉም ወጣ፤ የሰባት ዓመት እህቱ ብቻ አልወጣችም።

«ኢንጂነር፣ እስከ መጨረሻው ገብተው አይተዋል?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላ ትጠብቅህ? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ! ያኔ እንደ አይጥ ገባችሁ፣ እስከ ዛሬም አልወጣችሁም!»

እየሳቀ ደጅ የቀረውን የገመዱን ጫፍ ይዞ ለመሰብሰብ መጎተት ጀመረ። ጥቂት እንደ መጣለት ግን ከበደው።

«ድንጋይ ይዞት ነው» አለና በሁለት እጁ ሳበው። ምንም አልመጣም። ደክሞት ቆመ።

ያን ጊዜ ተወጥሮ የነበረው ገመድ በራሱ ላላ። መሐንዲሱ የላላውን ሰበሰበ። እንደገና ትንሽ ላላ፤ ቆም አለና ደግሞ ላላ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ፤ በደመ ነፍስ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ቀስ ብለው ይሳቡ እንጂ ኢንጂነር» አለ ግንበኛው ከተቀመጠበት እየተነሳ፤ «እርምጃዋ አጭር ነው።»