የላላው ማሰሪያ

አቶ አድማሴ ከእህል ክምር ላይ ወድቀው ቅልጥማቸው ከተሰበረ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ከአማኑኤል የሚመጣው ወጌሻ ካሴ በየሦስት ቀኑ ያሻቸዋል። እግሩ ግን አልጠና አለ።

ካሴን ማየት በራሱ ያንገሸግሻል። እጁን የሚታጠበው ለጥምቀት ብቻ ይመስላል። አፉ ጠላ ጠላ ይሸታል። የከረፋ ቅቤ እያፈሰሰ እግራቸውን ሲለውስ ወሬው ከልጃቸው ከባዘዘው ጋር ነው፤ እሳቸውን ግን ያማቸው እንደሆን እንኳ የሚጠይቃቸው የለም። እሳቸውም ጺማቸውን እያሻሹ ያዳምጣሉ።

"ለድንበሩ ቀን ይደርሳሉ?" ይላል ባዘዘው ዘወትር።

"በቀርከሃ አጥብቄ አስሬያቸዋለሁ። ካልተነካ ይጠናል።"

ባዘዘው ባሏ ከሞተባት ጎረቤቱ ከአገሬ ጋር በአንዲት ማሳ ተካሷል። ማሳዋን የያዘቻት አገሬ ናት፤ ልጆቿንም የምታበላው ከዚያችው ነው። የመንደሩ ዳኛ ጭቃ ሹሙ ነገሩን በአቶ አድማሴ ምስክርነት ላይ ጥሎታል። በአገሩ ልማድ ድንበር የሚመራ ሽማግሌ መስቀል ጨብጦ ይምልና ወሰኑን በገዛ እግሩ ይዞራል። በበቅሎም በቃሬዛም አይሆንም። መራመድ ካልቻለ ማሳው በያዘው ሰው እጅ ይጸናል።

"ያችን ማሳ የአገሬ አባት ሲያርሳት አውቃለሁ እኮ፣" ብለው ነበር አቶ አድማሴ አንድ ቀን።

"እርስዎ ብቻ ይዳኑልኝ፣ አባየ። የሚሉትን እኔ እነግርዎታለሁ።"

የድንበሩ ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው ካሴ ሊያሻቸው መጣ፤ ባዘዘውም የአባቱን ጋቢ ገለጠ። ማሰሪያው እንደ ወትሮው ላልቷል፤ አጥንቱም ተንሻፏል። ቅቤው ከአባቱ ጺም ላይ ሳይቀር ተለድፏል።

"የዚህን ርኩስ ሥራ እዩልኝ! ጺማቸውን እንኳ ለቅልቆታል!"

"በማርያም! አጥብቄ ነው ያሰርሁት!" አለ ካሴ።

"አገሬ ጠላ ስታጠጣህ ሰው አይቶሃል! ለእሷ ብለህ ነው የምታላላው!"

ካሴን በዱላ እያባረረ ከግቢው አስወጣው። ተመልሶም እግሩን በገዛ እጁ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉ። ባዘዘው በሩን ዘግቶ ቀን እንዲራዘምለት ሊለምን ወደ ጭቃ ሹሙ ሄደ።

አቶ አድማሴ ኮቴው እስኪርቅ አዳመጡ፤ ከዚያም ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን ፈቱና ቅቤ የነካ ጣታቸውን ጺማቸው ላይ ጠረጉ።