ሐምራዊው ማኅተም

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ዶሪን፣ ደጃፉ ላይ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ጎረቤታችን አንድ ሣጥን ሙሉ የድሮ የቤዝቦል ካርድ ገዛች፤ የተጫዋቾች ፎቶ ያለበት፣ ሰዎች እየሰበሰቡ የሚሻሻጡት ዓይነት። በእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ ሐምራዊ ማኅተም ነበረ። ማንበብ የጀመርኩት ዘንድሮ ስለሆነ ፊደል በፊደል ለቀምኩት፦ «የሃርላን ፕሩዊት ንብረት። የነካ እጁ ይሰበራል።»

«ልጄ፣ በሞቴ መልሺው» አልኳት።

«ውይ እማዬ! ማንበብ ከቻልሽ ወዲህ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር ያስፈራሻል። ማኅተም ያለበት ካርድ ደግሞ ማንም አይፈልገውም» ብላ ሳቀችና በላጲስ ትፈገፍገው ጀመር።

የመጨረሻው ፊደል ሲጠፋ እጇ ቀጭ አለ። ማንም አልነካትም። አጥንቷ ቆዳዋን ቀዶ ወጣ፤ ደሟ ካርዶቹ ላይ ተረጨ። እየጮኸች ሐኪም ቤት አደረስኳት።

ሐኪሙ አጥንቷን ወደ ቦታው መልሶ፣ ቁስሉን ሰፍቶ እጇን በጀሶ ጠቀለለው። ስንመለስ መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ላስርላት እጇን ቀና አደረግሁት። ጀሶው ገና እርጥብ ነበር። እሷ በማታየው በታችኛው ጎኑ ሐምራዊ ጽሑፍ ወጥቶበታል፦ «የሃርላን ፕሩዊት ንብረት።» በዚህኛው ላይ ፊደል መልቀም አላስፈለገኝም።

«እማዬ፣ ምን ታያለሽ? የተጻፈ ነገር አለ? ለእኔ አይታየኝም» አለች።

«እኔ እንጃ ልጄ» አልኳት። «እኔ ማንበብ አልችልም።»