ሚሊዮን የሄደ ሞተር

የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መርፌ ቀዩን ነክቷል። ባሌ አያየውም፤ ዓይኑን ከፊታችን ዳገቱን እያዘገመ በሚወጣው የጭነት መኪና ላይ ተክሏል።

«ሞቋል» እላለሁ።

«ዝም በይ።»

«ቀዩ ላይ ነው እኮ!»

«ዝም በይ አልኩሽ! የሞቀው ምላስሽ ነው።»

ከፊታችን ያለውን መኪና የሚነዳው ወንድሜ ነው። መኪኖቻችን መንታ ናቸው። አባባ ባንድ ቀን ገዝቶ ባንድ ቀለም አስቀብቷቸው፣ አንዱን እሱ፣ አንዱን ወንድሜ ይዘው ሃያ ዓመት ሠሩባቸው። ሁለቱም ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አልፈዋል። አባባ ሲሞት አንዱ ለወንድሜ ቀረ፣ አንዱ ለእኔ ደረሰኝ፤ የእኔን ባሌ ይነዳዋል።

በቀብሩ ማግስት፣ ቤቱ ሙሉ ሰው በተቀመጠበት፣ ወንድሜ «አባባ ዕድሜውን ሙሉ አልተሳሳተም፤ መጨረሻ ላይ ብቻ መኪናውን ለጋሪ ነጂ ሰጠና ሄደ» አለ። ሊያጽናና የመጣው ሰው ሁሉ ሳቀ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ የእኛ ቤት እልህ የዋጠው ሞተር ነው። ባሌ ጉልበት እንዲጨምር ትልቅ ቱርቦ አስገጠመ፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታውን በሰፊ አስቀየረ። ጋራዥ ድረስ አብሬው የሄድኩት ልከለክለው ነበር። ሜካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሲመጣ፣ «እንዲህ ተነካክቶ ስንት ጊዜ ይኖራል?» አልኩት።

«እትዬ፣ ሽማግሌ እኮ ነው። እንዳለ ቢተዉት ሌላ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ባልከበደው። አሁንም ጭነቱን ካላበዙበት፣ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ከቀየሩለት፣ ሁለት ዓመት ይሄዳል። ለእልህ ከነዱት ግን ዓመት አይቁጠሩ፤ ዳገት ይቁጠሩ።»

ባሌ ማርሽ ይቀንስና ወደ ግራ ይወጣል። የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለሉ ይረግጠዋል። ቱርቦው ያፏጫል፤ ጥቁር ጭስ በስፖኪዮው ውስጥ መንገዱን ይጋርደዋል። ሦስት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ከኋላችን ይጎትተናል።

«ከላይ መኪና ቢመጣስ?»

«ይምጣ!»

ጎን ለጎን እንሆናለን። እጄን ብዘረጋ የወንድሜን ትከሻ እነካዋለሁ። ዞር ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ ወደ ጭሳችን ያያል፤ ከዚያ እንደገና ወደ እኔ። ባሌን አቁም ልለው እችላለሁ። እኔ ግን ለወንድሜ እስቅለታለሁ፤ እስከ ድዴ።

ያን ቀን ጋራዥ ውስጥ ሜካኒኩ አንድ ነገር ጨምሮ ጠይቆኝ ነበር። «ፖምፓውንስ? ብዙ ናፍጣ እንዲሰጥ ልክፈተው? ጉልበቱ ያኔ ነው የሚመጣው፤ ሞተሩን የሚበላውም እሱ ነው። መኪናው በስምዎ ስለሆነ እርስዎ ይወስኑ።» ባሌ አጠገቤ ቆሞ ያየኝ ነበር። ያ ቤት ሙሉ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

«ክፈተው» አልኩት።

እናልፈዋለን። ባሌ ክላክሱን ረጅም አድርጎ ይነፋል፤ ለቅጽበት ፊቱ የድሮው ፊቱ ይሆናል። አንድ መቶ ሜትር እንኳ አንሄድም። ከእግራችን ሥር ሞተሩ በመዶሻ እንደ ተመታ በርሜል ይጮሃል። ጉልበቱ ሁሉ ባንዴ ይሞታል። ጋቢናው በተቃጠለ ዘይት ሽታ ይሞላል።

ባሌ የእጅ ፍሬኑን ይስባል። መሪውን ግን አይለቅም።

«ደስ አለሽ?» ይላል። «ከጠዋት ጀምሮ ስታሟርቺ ነበር፤ ይኸው ሰመረልሽ።»

«እኔ ነኝ የረገጥኩት?»

«ውረጂ! ድንጋይ አድርጊበት!»

ወርጄ ከመንገዱ ዳር ሁለት ድንጋይ አምጥቼ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር እወሽቃለሁ። ወንድሜ ከታች ይደርስና ያቆማል። ይወርዳል። ሱሪውን ከፍ እያደረገ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ እኛ ይመጣል። ባሌም ይወርዳል።

«እንኳን ደስ አለህ አማቼ፤ ቀደምከኝ» ይላል ወንድሜ።

«መንገድህን ሂድ።»

ወንድሜ አይሰማውም። ተንበርክኮ ከጋቢናው ሥር ያያል። እኔም ጎንበስ እላለሁ። የሞተሩ ጎን ጡጫ በሚያህል ቀዳዳ ተበስቷል፤ ዘይቱ እየተንዶለዶለ ይወርዳል። ወንድሜ ሲነሳ ፌዙ ከፊቱ ጠፍቷል።

«አባባ ይሄን ሞተር ዘይት ሳያይ አንድም ቀን አስነስቶት አያውቅም» ይላል። «ጭሱን አይቻለሁ፤ ፖምፓውን ማነው የከፈተው?»

ባሌ የሚወርደውን ዘይት ያያል።

«ማነው የከፈተው? እየጠየቅኩ ነው!»

ባሌ ያየኛል። ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ በእኔ ሲያላክክ የዋለ ሰው ነው፤ አሁን እውነት በእጁ ገብታለች። አፉን እስኪከፍት እጠብቃለሁ።

«እኔ ነኝ» ይላል።

«አንተ?»

«እኔ። ምን ታመጣለህ?»

ስለ እኔ ብሎ ይሁን ወይስ ወንድሜን ለማስደሰት ስላልፈለገ፣ ከፊቱ ላነብ እሞክራለሁ። ፊቱን ያዞርብኛል።

ወንድሜ መሬቱ ላይ ይተፋል። «ሰው ያጠፋውን ጥፋቴ ነው ይላል፤ አንተ ትኩራራበታለህ» ይለዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ነይ፣ እህቴ፤ ቤትሽ ላድርስሽ። እሱ ከብረቱ ጋር ይቀመጥ።»

መኪናው የቆመው አፉን ወደ ዳገቱ አድርጎ ነው። ዘይቱ ከሥሩ እየወጣ፣ በአስፋልቱ ቁልቁል ወርዶ፣ ጫማዬ ጋ ደርሷል።

«ነይ እንጂ» ይላል ወንድሜ።

እግሬን አላነሳሁም።