አረንጓዴው ክር

ልጅቷ የላብራቶሪ ኬሚስት ሆና በተቀጠረች ሳምንት፣ ክፉ ክፉውን ማሰብ የማይታክታት እናቷ ነጩን ጋዋን ስታጥብ እጅጌው ላይ የተቃጠለ ቀዳዳ አገኘች።

«አሲድ ነው! ልታልቂብኝ ነው!»

«እማዬ ስሞትልሽ፣ አሲድ ገና አላስነኩኝም። የጀማሪ ሥራ ብልቃጥ ማጠብ ነው።»

እናትየው ነጭ ክር ብታጣ በአረንጓዴ ሰፋችው። በማግስቱ ትከሻው ላይ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ደረቱ ላይ ሌላ ቀዳዳ ተገኘ። ሁሉንም እየተራገመች ሰፋች።

«ኧረ እማዬ፣ አለቃዬ ‹ጋዋንሽን ማን ጠለፈልሽ?› እያለ ሳቀብኝ።»

አርብ ጠዋት ልጅቷ ጋዋኑን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ስትወጣ፣ እናትየው አንገትጌው ላይ አራተኛ ቀዳዳ አየች። መርፌዋን ይዛ ተከተለቻት።

«ቁሚ፣ ይቺን ልስፋት!»

«አውቶቡስ ያመልጠኛል። ማታ ትሰፊያታለሽ።»

ከምሳ በኋላ ስልክ ተደወለ። አሲድ የሞላ ጠርሙስ ፈንድቶ አጠገቧ የነበረው አለቃዋ ፊቱ እንዳልነበረ ሆኗል። ልጅቷ ግን በእግሯ ወደ ቤት ሄዳለች አሉ።

እናትየው እየጮኸች በሩን ስትከፍተው ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ጋዋኑ ላይዋ ላይ አሮ አልቋል። እናትየው የተረፈውን ጨርቅ ገለጥ አደረገችው። ክንዷ፣ ትከሻዋና ደረቷ ላይ የተቀደደው ቆዳ ተገጣጥሞ በአረንጓዴ ክር፣ በራሷ በእናትየው አሰፋፍ ተሰፍቷል። አንዲት ጠብታ ደም የለም።

ልጅቷ አንገቷን ሸፍና የያዘችበትን እጇን ቀስ ብላ አነሳች።

«እማዬ፣ ይቺን አልሰፋሽልኝም።»